ቆሻሻችንን ለማን፣ እንዴት፣ በስንት? ለባሕር ዳር ቤተሰቦችና ዕድሮች የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል በቤታችን አንድ ነገር ሞከርን። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ከቤት የሚወጣውን ቆሻሻ በሦስት ማዳበሪያ ለየነው። በአንዱ የምግብ ትርፍራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የግቢ ቅጠል ገባ። በሁለተኛው ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የተሰበረ ጀሪካንና ካርቶን ገባ። በሦስተኛው ሌላ መድረሻ የሌለው ሁሉ ተጠራቀመ። ሳምንቱ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ለሁለት ተጋግዘን አነሣነው። ሁለተኛውን የሰባት ዓመቷ ልጃችን በአንድ እጇ አንጠልጥላ በር ድረስ ወሰደችው። ሦስተኛው ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ይህን ያነሣሁት በዚያው ሰሞን በዕድራችን ስብሰባ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል የተከራከርነው ስለ ሁለተኛው ማዳበሪያ ብቻ ስለነበረ ነው። ዓይን የሚያርፈው ፕላስቲኩ ላይ ነው። ክብደቱ፣ ሽታው፣ ዝንቡና የጋሪ ገፊዎቹ የወገብ ሕመም ግን ያለው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። ስለ እሱ አንድም ሰው አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጽሑፉ የታሰበው ምርጫ ፊታቸው ላለ ሰዎች ነው፦ ግቢ ላላቸው ቤተሰቦች፣ ለተከራዮች፣ ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ ከቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ጋር ውል ለመፈራረም ለሚሰናዱ ዕድሮች። አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛውን እንደምመርጥ በግልጽ እናገራለሁ። መነሻዬም አንድ ነው። ሰው ቆሻሻውን የሚይዘው አዋጁ በተጻፈበት መንገድ ሳይሆን አዋጁ ደጁ በሚደርስበት መንገድ ነው። ጋሪው በቀኑ ከመጣ፣ የለየው ለብቻው ከተወሰደለት፣ የመለሰው ዕቃ ዋጋ ካለው ልማዱ በጥቂት ወራት ይቀየራል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በድምፅ ማጉያ የሚደረግ ቅስቀሳ አይተካውም።

ክፍያው በምን መልክ ይሁን?

በየስብሰባው የሚነሡት የክፍያ መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ ነው። ባሕር ዳር የመሰብሰቡን ሥራ ለግል ድርጅት መስጠት የጀመረችው በ2000 ዓ.ም. ገደማ በመሆኑ፣ በየወሩ ደረሰኝ ይዞ የሚያንኳኳ ሰው ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። አንድ ማዳበሪያ ብታወጡም አራት ብታወጡም ሂሳቡ ያው ስለሆነ፣ ቆሻሻን በድብቅ ለመጣል የሚገፋፋ ምክንያት አይኖርም። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። ቆሻሻውን የቀነሰ፣ የለየ ወይም ግቢው ውስጥ ኮምፖስት ያዘጋጀ ሰው በኪሱ የሚቀርለት ነገር የለም። ጎረቤቱ ሁሉንም ደባልቆ ይጥላል፤ እኩል ይከፍላሉ።

ሁለተኛው ክፍያውን ከውኃ ሂሳብ ጋር ማያያዝ ነው፤ አዲስ አበባ የምትሠራበት መንገድ ነው። ለአስተዳደር ይመቻል። ገንዘቡ ሳይቆራረጥ ይገባል፣ ሠራተኛውም በየበሩ ቆሞ አይለማመጥም። ፍትሐዊነቱ ግን ያጠራጥረኛል፤ ውኃ የቆሻሻ መለኪያ አይደለምና። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ እናት ብዙ ውኃ ትጠቀማለች፤ አተላዋን ግን ለከብት አርቢ ትሰጣለች እንጂ ገንዳ ውስጥ አትደፋውም። አጠገቧ ያለው ሱቅ በቀን አንድ ባልዲ ውኃ አይጨርስም፤ ካርቶኑና ላስቲኩ ግን ጋሪ ይሞላል። በአንድ ቆጣሪ ስድስት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ደግሞ ሂሳቡ በመጣ ቁጥር ጠብ ይነሣል።

ሦስተኛው በሚወጣው ቆሻሻ ልክ መክፈል ነው። ደቡብ ኮሪያ ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 በመላ አገሪቱ ጀመረች። ነዋሪው የአካባቢው አስተዳደር ያሳተመውን ከረጢት ከሱቅ ይገዛል፤ የሚጣለው ቆሻሻ በዚያ ከረጢት ብቻ ይወጣል። ወረቀት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ግን ተለይቶ ከወጣ ያለ ክፍያ ይወሰድለታል። ሰዉን መለየት ያስለመደው ይህ ልዩነት ነው፤ የለየ ሰው የሚገዛው ከረጢት ያንሳልና። የምግብ ትርፍራፊ እንዳለ ወደ ቆሻሻ መድፊያ እንዳይገባ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ለትርፍራፊውም በመጠኑ ልክ ያስከፍላሉ።

በወረቀት ላይ ከሦስቱ የተሻለው ይህኛው ነው። ለባሕር ዳር ግን ዛሬ አልመርጠውም። በልክ ማስከፈል የሚሠራው በጨለማ አጥር ተሻግሮ የሚጥለውን የሚያይና የሚጠይቅ ሰው ካለ ነው። ያ በሌለበት ክፍያው ከፍ ባለ ቁጥር ቆሻሻው ከገንዳው ወደ ቦዩ ይሄዳል። ከቦዩ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ በየዓመቱ ያሳየናል፤ ወደ ጣና ነው።

እኔ የምመርጠው በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለ መንገድ ነው። ቋሚው ክፍያ ይቀጥል፤ ነገር ግን ሁለት እርከን ይኑረው። የሚበሰብሰውን ግቢው ውስጥ ለሚያስቀር ወይም ለይቶ ለሚያወጣ ቤት ዝቅ ያለው ሂሳብ ይሁን። ቅጣት የለበትም፣ ስለዚህ ማንንም ወደ ቦይ አይገፋም። ማኅበሩም አይጎዳም፤ የሚገፋው ጋሪ ይቀልለታል፣ የምልልሱም ቁጥር ይቀንሳል። ዕድሩ የትኛው ቤት በየትኛው እርከን እንደሆነ ያውቃል፤ የጎረቤት ዓይን ከተቆጣጣሪ ይበልጣል።

ከክፍያው መጠን በላይ የምትከራከሩበት ነገር ግን ቀኑ ይሁን። በአንድ ወቅት የእኛ መንደር የሚከፍልበት ማኅበር ለሦስት ሳምንት ሳይመጣ ቀረ። መጀመሪያ ማዳበሪያዎቹ በየበሩ ተደረደሩ። ከዚያ ውሾች ቀደዷቸው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ማታ ማዳበሪያውን ይዞ ወደ ቦዩ ሲሄድ አየሁት፤ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ጋሪው በአራተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ ያ ሰው ግን ቆሻሻውን በር ላይ ለማውጣት ወራት ፈጀበት። ሦስት ሳምንት ያፈረሰውን ለመጠገን ያን ያህል ጊዜ ወሰደ። ስለዚህ በውሉ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ሳይመጣ ለቀረበት ቀን የሚቀነሰው ገንዘብም አብሮ ይጻፍ። የታይዋኗ ታይፔይ ከተማ መኪናዋ በታወቀ ሰዓት ሙዚቃ እያሰማች ትመጣለች፤ ነዋሪው ወርዶ ቆሻሻውን በእጁ ያስረክባል። መሬት ላይ የሚያድር ማዳበሪያ ስለሌለ የሚቀድ ውሻም፣ የሚያጥብ ዝናብም የለም። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ቀጠሮ ማክበር ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ ወጪ የለውም።

በስንት እንለይ?

ቤተሰብ ቆሻሻውን መለየት እንዳለበት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተጽፏል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ እንደገና ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚወገደው ለይቶ ወደተዘጋጀለት ቦታ እንዲያደርስ ደንግጎ ነበር። ታዲያ ለምን አልለየንም? ስንፍና ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አልስማማም። አንዲት ጎረቤቴ ሁለት ወር ሙሉ በጥንቃቄ ለየች። የሃይላንዱን ክዳን እየፈታች፣ ካርቶኑን እያጠፈች ለብቻ አስቀመጠች። አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ ሳለ ሁለቱም ማዳበሪያዎች በአንድ ጋሪ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተገለበጡ። ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ አንዱን ማዳበሪያ አጥፋ ጓዳ አስገባችው። ማንም ሰው በእሷ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል።

የጃፓኗ ካሚካትሱ መንደር ነዋሪዎች ቆሻሻቸውን ከአርባ በላይ በሆነ ዓይነት ይለያሉ። እንደ ምሳሌ ያስደንቃል፤ ለእኛ ግን አይሆንም። ለእያንዳንዱ ዓይነት ተቀባይ ተዘጋጅቶለታል፤ እኛ ጋ ያልተዘጋጀለትን መለየት ልፋት ነው። ምርጫችን በሁለትና በሦስት መካከል ነው። ሰብሳቢ ማኅበራችሁ ሁለት ጊዜ የማይመጣ ከሆነ ወይም ጋሪው ክፍፍል ከሌለው ሁለት ይበቃል፦ የሚበሰብስና የማይበሰብስ። ቆራሌው በመንደራችሁ በየሳምንቱ የሚያልፍ ከሆነ ሦስተኛውን ጨምሩ፤ ለእሱ የሚሸጠውን።

ቆራሌውን አቅልለን እናየዋለን። ከማንኛውም ዕቅድ በፊት ይህችን ከተማ በእውነት መልሳ እንድትጠቀም ያደረጋት እሱ ነው። ብረት፣ አሮጌ ድስት፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ሁሉም የሚሄድበትን ያውቃል። ልዋጭ ብለው የሚጮሁትም አሮጌ ልብስ ወስደው ሳህንና ባልዲ ይሰጣሉ። ዕድሮች አዲስ ነገር ከመመሥረታቸው በፊት በሰፈራቸው የሚዞሩትን ሰዎች ጠርተው በየትኛው ቀን እንደሚመጡና ምን እንደሚገዙ ቢነጋገሩ ሥራው ግማሽ ያህሉ ያልቃል። ለእሱ የምታስቀምጡት ዕቃ ደረቅ ይሁን፤ ዘይትና ወጥ የነካው ፕላስቲክ ዋጋ ያጣል። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭና መርፌ ግን ለብቻ፣ በጠንካራ ቆርቆሮ ወይም በሃይላንድ ውስጥ ታሽጎ ይውጣ። ማዳበሪያውን በባዶ እጇ የምታነሣ ሴት አለች።

ፌስታል፣ ጠርሙስና ሃይላንድ

በመያዣ ዕቃ ላይ መንግሥታት የሚሞክሯቸው መንገዶችም ሦስት ናቸው፦ መከልከል፣ ማስከፈል፣ መያዣ ገንዘብ ማስያዝ።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በእያንዳንዱ የገበያ ፌስታል ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ጣለች፤ አጠቃቀሙ ከዘጠና በመቶ በላይ ወረደ። ትንሽ ክፍያ ይህን ያህል የሠራችው እያንዳንዱ ሱቅ የሂሳብ መመዝገቢያ ስላለውና ክፍያው ደረሰኝ ላይ ስለሚታይ ነው። በቅዳሜ ገበያ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ለፌስታሉ ለይታ አስከፍላ ለገቢዎች ልታስገባ አትችልም። ስለዚህ ይህ መንገድ ለሱፐርማርኬት እንጂ ለጉልት አይሆንም።

ክልከላው የተሻለ ነው፤ ግን የት ላይ እንደሚከለከል ወሳኝ ነው። ያው አዋጅ 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትም ማስገባትም ከልክሎ ነበር። ጉልት ላይ ቆሞ ውፍረት የሚለካ ማን ነው? ደንቡ በወረቀት ላይ ቆየ፣ ስሱ ፌስታልም በየአጥሩ እሾህ ላይ ቆየ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ስትከለክል ስሱንና ወፍራሙን አልለየችም፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ ላይ የተሳፋሪን ሻንጣ ሳይቀር ትፈትሻለች። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 በከባድ ቅጣት ተከተለቻት። የእኛም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሏል። ከሁለቱ ሕጎች ሁለተኛውን የምመርጠው ለማስፈጸም ስለሚቀል ነው፤ መለኪያ አይፈልግም፣ አይቶ ማወቅ ይቻላል። ክብደቱ ግን በአምራቹና በአስመጪው ላይ ይውደቅ እንጂ ጎመን በምትሸጥ እናት ላይ አይሁን። ለቤታችሁ መልሱ ከአዋጁም በፊት የነበረ ነው። እናቶቻችን ቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዘው ይወርዱ ነበር፤ ዘንቢሉ ዛሬም ይሸጣል።

ሦስተኛው መንገድ፣ የመያዣ ገንዘብ፣ ከሁሉ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም ስሙን ሳንጠራው ለዘመናት ስንኖርበት የቆየን ስለሆነ ነው። ሠርግ ወይም ክርስትና ሲኖር ቢራና ለስላሳ በሳጥን ይመጣል። ድግሱ ሲያልቅ ማንም ሳይነግራቸው ሁለት ልጆች ባትሪ ይዘው በድንኳኑ ሥር፣ በወንበሩ ጀርባ፣ በአበባው መደብ ውስጥ ጠርሙስ ይፈልጋሉ። ሃያ አራቱ ካልሞላ ገንዘብ ይቆረጣልና። በዚያው ሣር ላይ፣ ከዚያው ጠርሙስ ጎን፣ የውኃ ሃይላንድ ወድቆ ያድራል። የሚያነሣው የለም። ጠጪው አንድ ነው፣ ምሽቱም አንድ ነው፣ ልጆቹም እነዚያው ናቸው። አንዱ ዕቃ ዋጋ ስላለው ወደ ሳጥኑ ተመለሰ፣ ሌላው ስለሌለው በሰኔ ዝናብ ወደ ሐይቁ ሄደ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2003 በሚጣሉት ጠርሙሶችና ጣሳዎች ላይ የመያዣ ገንዘብ አስገዳጅ አደረገች፤ ዛሬ በእያንዳንዱ ላይ 25 ሳንቲም ዩሮ ይያዛል፣ ከመቶው ከዘጠና በላይ ይመለሳል። አዋጅ 513/1999ም ለብርጭቆ መያዣ ዕቃና ለቆርቆሮ ጣሳ ይህንኑ ሐሳብ አንሥቶ ነበር። ሃይላንድ ላይ ሁለት ብር ቢያዝ በጣና ዳር ያለው ጉዳይ በአንድ ክረምት ውስጥ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ እስኪመጣ ግን ዕድርና ማኅበር የራሳቸውን መያዣ ማድረግ ይችላሉ። ድንኳንና ወንበር ስታከራዩ ትንሽ ገንዘብ ያዙ፤ ሃይላንዱ በማዳበሪያ ታስሮ ሲመለስ ገንዘቡ ይመለስ። ዕድር ለድስትና ለብርጭቆ መያዣ መያዝ ያውቅበታል፤ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

ከባዱ ማዳበሪያ

አሁን ወደዚያ ለሁለት ወዳነሣነው ማዳበሪያ እንመለስ። በኢትዮጵያ ከተሞች ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሚበሰብሰው ነው። ይህን ለጋሪ ከሰጣችሁት ወደ መድፊያው ሄዶ ይከመራል። አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን ጋዝ ያወጣል፣ ከሥሩም ጥቁር ፈሳሽ ይንጠፈጠፋል። ያልተለየ ቆሻሻ ለዓመታት ሲከመር ምን እንደሚያመጣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ አይተናል፤ ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ።

ቤት ውስጥ ያሉት ምርጫዎች፣ ለእንስሳ መስጠት፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ባዮጋዝ ናቸው። ባዮጋዙን ቶሎ ልለፈው። በየቀኑ የሚገባ እበት ይፈልጋል፤ ጥቂት ላሞች ለሌሉት ቤት አይመከርም። ከብት ያለው ወይም ትልቅ ምግብ ቤት የሚያንቀሳቅስ ሰው ቢያስብበት ይጠቅመዋል።

ለእንስሳ መስጠት ፈጣኑና ርካሹ ነው። የጠላ አተላ፣ የጎመን ግንጣይ፣ የሙዝና የድንች ልጣጭ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ በዚያው ቀን ያልቃሉ። ለበዓል በግ የሚያስሩ ቤቶች ይህን ያውቃሉ። አንድ ጥብቅ ነገር ግን አለ፤ በውስጡ ፌስታል እንዳይኖር። የታረደች ላም ጨጓራ ሲከፈት እንደ ገመድ የተጠቀለለ ፌስታል ሲወጣ ያየ ሰው አይረሳውም። በሕይወቷ እየበላች ትከሳለች፤ ሆዷ ሙሉ ነው፣ ግን አይፈጭም። በየመንገዱ ገንዳ ላይ የምትበላ ላም ሁሉ ይህ ይጠብቃታል።

ግቢ ካላችሁ ኮምፖስትን የሚወዳደረው የለም። እዚህ ላይ በባሕር ዳር የሚነሣው እውነተኛ ጥያቄ ጉድጓድ ወይስ ክምር የሚለው ነው። ብዙ ጽሑፍ ጉድጓድ ቆፍሩ ይላል። በእኛ ከተማ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው። በሐምሌ አንድ ሜትር ጉድጓድ ብትቆፍሩ በነጋታው ውኃ ታገኙበታላችሁ፤ ኮምፖስቱ ሰጥሞ ይሸታል፣ የሚንጠፈጠፈውም ወደ ጎረቤት የእጅ ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በበጋ ጉድጓድ፣ በክረምት ከመሬት ከፍ ያለ ክምር። በበጋ ጉድጓዱ እርጥበት ይይዛል፤ ጥልቀቱ ከጉልበት አይለፍ። በክረምት ክምሩ ከሥሩ የቅርንጫፍ ንጣፍ፣ ከላዩ የሙዝ ቅጠል ወይም አሮጌ ቆርቆሮ ይደረግለት። ቁመቱና ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያ ካነሰ አይሞቅም፣ ካልሞቀ የአረም ዘር አይሞትም።

አሠራሩን የሚያበላሸው አንድ ስሕተት ብቻ ነው፤ እርጥቡን ብቻ መከመር። ለአንድ ባልዲ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር አልብሱት፦ የደረቀ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀደደ ካርቶን። በከተማችን የሚጣለው የጫት ገረባ ለዚህ ይሆናል፤ እንጨታማ ስለሆነ ግን በገጀራ ተከታትፎ ይግባ፣ አለበለዚያ ከሌላው ኋላ ይቀራል። የቡና አተላ ሳትሰስቱ ጨምሩ። አመድ በጭብጥ ብቻ ይግባ፤ ሲበዛ የኮምፖስቱን ናይትሮጅን ያባክነዋል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይግቡ፤ አይጥና ውሻ ይጠራሉ። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። አንድ እፍኝ አንሥታችሁ ስትጨምቁት ልክ እንደተጨመቀ የልብስ እጥበት ጣታችሁን አርጥቦ ጠብታ ካላንጠባጠበ ልኩን አግኝታችኋል። ቢንጠባጠብ ደረቅ ጨምሩ፣ ቢፈረፈር ውኃ ርጩ። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይደርሳል። እኔ መጀመሪያ ያወጣሁትን ከአፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት፤ የሸተተኝ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ያለ የዘጌ ጫካ ነበር፣ የቆሻሻ ዝምድና የለውም።

እምቦጭን ኮምፖስት እናድርገው የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሣል። አረሙ በጣና ላይ መስፋፋቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የሚመገበው ከእርሻና ከከተማ እየታጠበ በሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። አበባ ያላወጣ ለጋ እምቦጭ በሚገባ በሚሞቅ ክምር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዘር የቋጠረውን ግን ወደ ግቢያችሁ አታምጡ፤ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ በክረምት ጎርፍም ተመልሶ ወደ ውኃው ይወርዳል።

ከምርጫ ውጭ የሆኑት

ማቃጠልና ቦይ ውስጥ መጣልን ከአማራጭ አልቆጥራቸውም፤ ለምን እንደሚደረጉ ግን መረዳት ይገባል። ማቃጠል የሚበዛው ጋሪ በማይደርስባቸው የከተማ ዳር መንደሮች ነው። የነዋሪው ክፋት አይደለም፤ አገልግሎቱ ቀድሞ አልደረሰም። ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲነድ ዳዮክሲንን የመሰሉ መርዛማ ነገሮች ያወጣል፤ ጭሱ ደግሞ በመጀመሪያ የሚገባው በገዛ ቤታችሁ መስኮት ነው። ጋሪ የማይደርስባችሁ ከሆነ የሚበሰብሰውን ግቢ አስቀሩት፣ ደረቁን ለቆራሌው አጠራቅሙት። የቀረው ትንሽ ስለሚሆን በወር አንድ ጊዜ ባጃጅ ተጋርታችሁ እስከ ቅርቡ ገንዳ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

የትኛው ቤት ምን ይምረጥ?

ግቢ ያለው ቤተሰብ፦ ኮምፖስት፣ ቆራሌው፣ ዝቅተኛው የክፍያ እርከን። በር ላይ የምታወጡት ማዳበሪያ በሳምንት ከአንድ ወደ ሩብ ይወርዳል።

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች፦ ባለቤቱ ኮምፖስቱን ካልፈቀደ አትጨቃጨቁ፤ በግ ወይም ከብት ካለው ጎረቤት ጋር ተስማሙና ክዳን ያለው ባልዲ በየማታው አድርሱ። ክፍያውን በሰው ቁጥር ተካፈሉ እንጂ በክፍል አትካፈሉ። ብቻውን የሚኖር ተማሪና ስድስት ልጅ ያለው ቤተሰብ እኩል መክፈል የለባቸውም።

ኮንዶሚኒየም፦ እዚህ ኮምፖስት በየቤቱ አይሆንም፣ በብሎክ ግን ይሆናል። ኮሚቴው አንድ ሰው ካልመደበና ካልከፈለው አትጀምሩት፤ የሁሉ የሆነ ክምር የማንም አይሆንም። ሰው መመደብ ካልቻላችሁ ሁለት ገንዳ አስቀምጡ። የሚበሰብሰውን ለብቻው የሚወስድ ማኅበር በጽሑፍ እስኪያረጋግጥላችሁ ድረስ ግን ነዋሪውን ለዩ አትበሉት። አንድ ጊዜ ለይቶ ሲደባለቅ ካየ ሁለተኛ አያምናችሁም።

በሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጡና ምግብ ቤት ያላችሁ፦ የዓሣ አንጀትና ቅርፊት ለኮምፖስት ጥሩ ነው፤ ግን በደረቅ ነገር በደንብ ተሸፍኖ፣ ከውኃው ራቅ ብሎ ይሁን። ሃይላንዱን ለደንበኛው ከመስጠታችሁ በፊት መያዣ ያዙበት፤ ጀልባ ላይ ይዞት የሚወጣው ሰው ይዞት እንዲመለስ።

ኮምፖስት ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ይቆማል፣ የሚረግፈው ቅጠልም ደረቁን ይሰጣል። በጥቅምት የጀመራችሁት በየካቲት ይደርሳል፤ አበጥራችሁ በማዳበሪያ ካስቀመጣችሁት እስከ ሰኔ ችግኝ ተከላ ድረስ ሳይበላሽ ይቆያል።